የደብሬ አክስት

ባለፈው ሳምንት፣ ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጎረቤታችን ጌታነህ ስልኩን ይዞ መጣ። ጌታነህ እንግዳ ሲኖር አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ ሲጠፋ ባጃጅ ይነዳል፤ በሁለቱም መሃል ላሊበላ ውስጥ የሚወራውን ሁሉ ከቤት ቤት ያደርሳል። «እትዬ የሺ፣ ይችን ይዩልኝማ» ብሎ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

አየሁ። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ማንነቱን ልተወውና፣ ተንበርክኮ የአንድ ወጣት መንገደኛ እግር ያጥባል። ሳፋው አዲስ ነው፤ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ ከጎኑ አልተላጠም። ከጀርባ በገና ይደረደራል፤ ከሥር ሰዎች «ትሕትና ማለት ይህ ነው»፣ «አባቶቻችን ያቆዩልን» እያሉ ጽፈዋል። የእኔ ዓይን ግን ከእግሩ ላይ አልነሳ አለ። ተረከዙ አልተሰነጠቀ፣ ጥፍሩ ሥር ቅንጣት አፈር የለ፣ ጣቶቹ መሃል አቧራ የለ። ከመታጠቡ በፊት የታጠበ እግር ነው።

«ልጁ ከየት ነው የመጣው?» አልኩት።

«ከሆቴል። እዚያው የሚሠራ ልጅ ነው» አለኝ ምንም ሳያፍር። «ከመንገድ የሚመጡት እግራቸው ለቪዲዮ አይሆንም።»

አቅለሸለሸኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሚያቅለሸልሸኝ ብዙ ነው፤ የከረመ ዘይት ያቅለሸልሸኛል፣ የባጃጅ ጭስ ያቅለሸልሸኛል፤ የሰው ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። ጌታነህ ይህን ሳያይ የመጣበትን ተናገረ። ሰውየው ዘንድሮ እኛ ቤት መጥቶ መቀረጽ ይፈልጋል። «የድሮ ቤት፣ የድሮ ሰው ይፈልጋሉ። እርስዎና እትዬ ደብሬ ስታጥቡ ቢቀርጹ...» ይለኛል። እህቴ ደብሬ ጓዳ ሆና ጌሾ ትወቅጥ ነበር። የሙቀጫው ድምፅ ቆመ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀጠለ። እኔም ለጌታነህ ጠላ ቀዳሁለትና ቁጭ አልኩ። እሱ ሲጠጣ የእኔ ሐሳብ ወደ ኋላ ሄደ።

ያኔ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ደብሬ በሁለት ትበልጠኛለች። አባታችን ቄስ ገብሬ ይባሉ ነበር። ቤታችን ያው ዛሬ የምንኖርበት ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ከመንገዱ ከፍ ያለ፣ ከአሸተን ተራራ የሚወርደው ብርድ ከማንም ቤት አስቀድሞ የሚገባበት። በታኅሣሥ እህሉ ታጭዶ፣ አውድማው ተለቅልቆ፣ ጠዋት ጠዋት ገለባው ላይ ውርጭ ይተኛል። መንገዶቹ ሁሉ በሰው ይነጣሉ። ከዋግ፣ ከየጁ፣ ከዋድላ፣ ጎጃም ድረስ ካለው አገር ሳይቀር፣ ስንቁን በስልቻ አንጠልጥሎ፣ ገሚሱ በባዶ እግሩ፣ ሕዝቡ ወደ ላሊበላ ይጎርፋል። ለገና የመጣ መንገደኛ ደግሞ እግሩ ሳይታጠብ ከደጃፍ አያልፍም። የአገሩ ወግ ነው። ቤት ያለው ሁሉ ውሃ ያሞቃል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ጭድ ያነጥፋል፣ እንግዳውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ ያጥባል።

ይህን ሁሉም ያወራዋል። የማይወራውን እኔ ልንገራችሁ፤ እንግዳ ይመረጥ ነበር። መነኩሴ ሲታይ ሴቱ ሁሉ ሳፋውን ይዞ ወደ መንገድ ይሮጣል፤ የመነኩሴ እግር ማጠብ በረከት ነዋ። ቀጥሎ ጥምጣም ያለው ቄስ ነው። ከዚያ ነጠላቸው የነጣ ባልና ሚስት። ከዚያ ጤነኛ ጎረምሳ፣ እንጨት እንኳ ይፈልጣል ተብሎ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እግር አይታ አገር ታውቅ ነበር። «ይህ የደጋ እግር ነው፣ ተረከዙ ተሰንጥቋል። ይህኛው በቅሎ የለመደ ነው። ያችኛዋ ጫማዋን አሁን ተራራው ሥር ነው ያወለቀችው፣ በባዶ እግሬ መጣሁ ለማለት» ትለኝና በሹክሹክታ እንስቃለን። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ሰው ላይ መፍረድ ከጨዋታ እንደሚጀምር ማን ነግሮኝ።

በዚያ ዓመት ቤታችን ሌላም ድግስ ነበረበት። ደብሬ ልትዳር ነው። ልጁ ሲሳይ ይባላል፤ የኩልመስክ አስተማሪ፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ቃል የሚመርጥ። ቅዳሜ ገበያ እየመጣ ያያት ነበር፤ እሷም አይታዋለች፤ ቅዳሜ ሲሆን ጸጉሯን እንደ ወትሮው አትሠራውም ነበርና አውቃለሁ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ታስሮ፣ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ተቆርጧል። ቀሚሷ ተሰፍቶ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ቀሚሱን በየምሽቱ አውጥታ ትዘረጋዋለች፤ «እጅሽ ቅባት አለው፣ አትንኪብኝ» ትለኛለች። ታዲያ የልጁ ወገኖች ገናን ለማክበርም፣ ቤታችንን ለማየትም ብለው ዋዜማው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው እንደሚመጡ ላኩብን። ቤት ማየት ያሉት ቤቱን አይደለም። ሰው ነው የሚታየው፣ ዘር ነው የሚቆጠረው።

እነሱ ከመምጣታቸው ሁለት ቀን አስቀድሞ አንዲት ሴት ደጃችን ቆመች። መሸት ብሏል። «ቤቶች» አለች።

«ደጆች። ማን ነሽ?» አሉ አባቴ ከውስጥ።

«የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ።»

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቢ» አሉ፤ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ።

ወርቄ ትባላለች፣ እናታችንን የምታህል ሴት ናት። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ጋቢዋን ስትገልጥ ቀኝ እግሯን አየነው። ዝሆኔ የሚሉት በሽታ ነው። ከጉልበቷ በታች አብጦ፣ ቆዳው እንደ ወይራ ቅርፊት ተኮማትሮ፣ ጣቶቿ እብጠቱ ውስጥ ሰምጠዋል። ሽታም ነበረው። እናቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አባቴ በሩ ላይ መጥተው አዩና ግቢ ያሉበት አፋቸው ክፍቱን ቀረ። ምን ያድርጉ፤ ከታች በመንገዱ የሚያልፉ ጎረቤቶች ቆመው ያያሉ።

«ልጆቼ፣ አትድከሙ» አለች ሴትየዋ። «ውሃውን ብቻ ከላይ አፍስሱበት፣ እኔው እለቀለቃለሁ።»

ደብሬ እጅጌዋን ሰበሰበች። እህቴ ጻድቅ አይደለችም፤ ይህን የምለው አብሬያት ስላደግሁ ነው። ውሃ ወረፋ ላይ ከሰው ትጣላለች፣ እኔን ትቆነጥጠኛለች፣ አንድ ቃል ሳትመልስ አታድርም። እጇ ግን ለሥራ አይሰንፍም። ጎንበስ አለችና ያንን እግር በሁለት እጇ ይዛ ውሃው ውስጥ ከተተችው። «ዝም በይ እማማ» አለቻት፣ «እግር እግር ነው።» በየስንጥቁ ያለውን አፈር በጣቷ አወጣችው፤ በሳሙና ደጋግማ አጠበችው፤ ሲደርቅ የኑግ ዘይት አሙቃ ቀባችው። ከብዙ ዘመን በኋላ አንዲት የጤና ባለሙያ እንደነገረችኝ ለዚያ በሽታ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ማጠብ፣ መቀባት፣ መሸፈን። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በባዶ እግር አፈሩን የረገጠውን ነው የሚይዘው። ያኔ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ደብሬም አላወቀች፤ የቆሸሸ ነገር አይታ አጠበች፣ በቃ።

ሴትየዋ ከኮን ነው የመጣችው። ጋሸና ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሞላት ነበር። «እግሬን ሲያይ ሞልቷል አለኝ» አለችን እየሳቀች። «ባዶውን ሄደ።» ከተማው ከደረሰች ወዲህ አራት አምስት ደጅ አንኳኩታለች፤ ሁሉም ቤት ሞልቷል። ብርዱ እግሯን ይቆረጥማት ስለነበር ደብሬ ምድጃው አጠገብ ቁርበት አነጠፈችላት።

በማግስቱ ከተማው አባቴን ያመሰግን ጀመር። «ቄስ ገብሬ የእግዚአብሔር ሰው፣ ማንም የጣላትን አስገቡ» ተባለ። አባቴ ደስ አላቸው። ደስ ማለታቸው ምን ክፋት አለው፤ ግን ነገሩን ራሳቸው ያወሩት ጀመር። ባወሩት ቁጥር የሴትየዋ እግር ይጨምራል፤ ከሰዓት በኋላ ላይ የምሰሶ ያህል ደርሶ ነበር። ያጠበችው ደብሬ መሆኗም ከወሬው እየወጣ ሄደ። እኔ ያኔ ሳቄ መጣ እንጂ አልከፋኝም።

የሲሳይ ወገኖች መጡ። አባቱ፣ አክስቱ ማንጠግቦሽና ራሱ ሲሳይ። ማንጠግቦሽን እትዬ ማለት ይገባኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን ቃሉ ምላሴን ይጎረብጠዋል፣ ስለዚህ እንዲሁ ማንጠግቦሽ ልበላት። በግዳን ወረዳ ዘር ቆጣሪ ነበረች። የማን አያት ከማን እንደተወለደ፣ የማን ቅድመ አያት ምን እንደታመመ ለማወቅ ወደ እሷ ይኬዳል። ሰው ሲጋባ ማንጠግቦሽ ትጠራለች፤ አየት አድርጋ «ደህና ነው» ካለች ደህና ነው፤ ዝም ካለች ቀረ።

ስትገባ ደብሬ ምድጃው ጥግ ቁጢጥ ብላ የሴትየዋን እግር በዘይት ታሸት ነበር። ዘልላ ተነሳች፣ እጇን ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ ሰላም አለች። ማንጠግቦሽ ጉንጯን ሰጠቻት፤ እጇን ግን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው። ስልጆና ሽሮ ቀረበ፤ መንገድ ላይ በልተናል አለች። ጠላ ቀረበላት፤ ዋንጫውን ከንፈሯ ዘንድ አድርሳ ሳትቀምስ መለሰችው። ሲሳይ አክስቱን እያየ የቀረበለትን ከግማሽ ላይ ተወው። የገረመኝ ይህ ነው፤ ልጁ ሲገባ ርቦት ነበር።

ጥቂት ቆይታ ማንጠግቦሽ አባቴን ወደ ውጭ ጠራቻቸው። እኔ በር አጠገብ ካለው ጋን ጠላ እየቀዳሁ ሰማኋቸው።

«ቄስ ገብሬ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ያች ምድጃ ዳር ያለችው ምንዎ ናት?»

«እንግዳ ናት። ከኮን የመጣች።»

«እንግዳ ምድጃ ዳር ይቀመጣል?»

«ብርዱ እግሯን ይነካታል ብለው ልጆቹ ናቸው ያስቀመጧት።»

«ልጅዎን አየኋት እኮ። በባዶ እጇ ታሽታታለች። ደሟ ባትሆን እንዲህ ያለ እግር ማን ይነካል?»

«ልጄ ደግ ናት፣ እትዬ ማንጠግቦሽ።»

«ደግነትማ በሩቁ ነው፤ ቁራሽ መወርወር ነው። እንዲህ የሚያስነካ ዘር ብቻ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል።»

መቅጃው እጄ ላይ ቆመ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት አላመጥኩት፤ ዛሬም አልዋጥ ብሎኛል። ሴትየዋ ክፉ ነገር አይታ ክፉ ብትፈርድ ይገባኛል። ያየችው ግን ደግ እጅ ነው፤ ደግነቱን ለበሽታ ምስክር አደረገችው። በእሷ ሕይወት ሰው ሰውን ያለ ዝምድና ነክቶ አያውቅም ማለት ነው። ይህን ማሰብ ከዚያ እግር ሽታ ይልቅ ያስመልሳል።

አባቴ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ልማልልሽ» አሉ።

«ይምላሉ እንጂ። ለልጅ ሲባል የማይማል ምን አለ?»

«ታዲያ በምን ልታምኚኝ?»

ማንጠግቦሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ክፉ ነገር ሲነገር እንደዚያ ነው። «እንግዳ ከሆነች ትሂድላችኋ። የራስ ሰው ሲሆን በገና ሰሞን ከቤት ማውጣት ይከብዳል። ባዳ ሲሆን ግን ምን ይከብዳል?»

ያየነው ይህ ነው እንግዲህ። ንጹሕ ዘር መሆናችን የሚታወቀው ስንጨክን ነው። አባቴ ያ ሁሉ ቅዳሴ፣ ያ ሁሉ ስብከት፣ ያ የትናንቱ ምስጋና ከላያቸው ላይ እንደ ገለባ ሲበን እያየሁ ወደ ውስጥ ተመለሱ። መጀመሪያ ቀስ ብለው ነበር ያናገሯት። «እናቴ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብዙ መንገደኛ አለ፣ እዚያ ብታድሪ በረከቱም ይበልጣል» አሏት።

«አየኸው፣ እንዴት አለስልሶ እንደሚያናግራት» አለች ማንጠግቦሽ ለሲሳይ አባት፣ ሁላችንም እንድንሰማት አድርጋ።

አባቴ ሰሙ። ፊታቸው ጠቆረ፤ ድምፃቸው ተነሳ። «ተነሺ ብያለሁ። ማን ጠርቶሽ ነው እዚህ ምድጃ ዳር የተጋደምሽው? ቤቱን በሙሉ አሸተትሽው እኮ» አሉ። አባቴ በዕድሜያቸው ለውሻም እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ወርቄ ብልህ ነበረች፤ ማን ለምን እንደመጣ ወዲያው ገባት። ጋቢዋን ሰበሰበች። «ገባኝ አባቴ» አለች። «ቤቱስ የእርስዎ ነው።» ከዚያ ወደ ማንጠግቦሽ ዞረች። «እመቤቴ፣ እኔ የኮን ሰው ነኝ። እነዚህን ሰዎች ከዚህ በፊት በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ልጅቷን በእኔ ምክንያት አታስቀሪያት።»

«ሰማችሁ?» አለች ማንጠግቦሽ። «ባዳ ለባዳ እንዲህ ይከራከራል?»

አያ ጅቦ ሳታመሃኝ ብላኝ አለች አህያ። ብትለምን ዘመድ፣ ብትክድ ዘመድ፣ ዝም ብትልም ዘመድ መሆኗ አይቀርም ነበር። የተፈረደበት ሰው ነገሩ ሁሉ ማስረጃ ይሆንበታል።

ደብሬ ዘይት በነካው እጇ ቀሚሷን ጨብጣ ቆማለች። ሲሳይን አየችው። «አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው።

ሲሳይ ጫማውን አየ። ጥቁር ጫማ ነበር፣ ከኩልመስክ ድረስ መጥቶም ያልቆሸሸ። «እነሱ ትልልቆች ናቸው» አለ። «እነሱ ያውቃሉ።»

ማንጠግቦሽ ያሸነፈች መሰላት። ደብሬን በእናትነት ቃል ጠራቻት። «ነይ እስኪ የኔ ልጅ፣ አንቺው በአፍሽ ንገሪኝ። ይህች ሴት ምንሽ ናት?»

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅባት። «ምኔም አይደለችም» ብትል፣ እውነትም ነው፣ ሠርጉም ይሠረጋል፣ ቀሚሱም ይለበሳል። አባቴ በዓይናቸው ለመኗት። እኔም ከጋኑ አጠገብ ሆኜ በሆዴ በይው፣ በይው እላለሁ።

«አክስቴ ናት» አለች ደብሬ። «የአባቴ እህት። አባባ አፍሮባት ነው የደበቃት።»

ደብሬ የሴትየዋን ስልቻ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ በሌላው እጇ ክንዷን ያዘቻት። «ተነሺ አክስቴ፣ እንሂድ» አለቻት። ማንጠግቦሽ ከመንገዳቸው ዘወር ለማለት ያደረገችውን ብታዩ፤ ነጠላዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እሷም ወዲያው ወገኖቿን ይዛ ወጣች። የቀረበው ሽሮ ቆዳ አውጥቶ ቀረ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የደብሬ ቃል ግን ወለምታ አልነበረም። አባቴ ከጓዳው ከደጁ እየተመላለሱ «ውሸቷን ነው» ሲሉ ሰነበቱ። መስቀል ይዘው ለጎረቤት ማሉ፤ ለመንደሩ የቀብር ማኅበር፣ ለቅሬው፣ ዳኛ ማሉ፤ ወደ ኩልመስክ ሰው ልከው አስማሉ። የሰማቸው የለም። ሃያ ዓመት የቀደሰ ቄስ ምሎ ያልታመነውን አንዲት የተናደደች ልጅ አንዴ ተናግራ ታመነች፤ ለክፉ ወሬ ምስክር አይፈለግምና። ጥምቀት ሳይደርስ ሰው ያለፈውን ያስታውስ ጀመር። አንዱ ጎረቤት፣ አያታችን ያነክሱ እንደነበር ትዝ አለው፤ አዎ ያነክሱ ነበር፣ በቅሎ ረግጣቸው ነው፤ በቅሎዋን ግን ማንም አላስታወሳትም። ሌላዋ ደግሞ፣ እናቴ በበጋም ቀሚሷን እንደምታስረዝም አስተዋለች። ትናንት በእኛ ቤት ምድጃ እግሩን ያሞቀ ሰው ዛሬ ምንጭ ላይ ስንገናኝ አስቀድሞ ወደ እግሬ ያያል፤ ከዚያ ነው ወደ ፊቴ የሚመጣው።

ሲሳይ ከሳምንት በኋላ በሰው ላከ። «እኔ አላመንኩም፤ ቀልድ ነበር ብላ ለእነሱ ትናገርልኝና ነገሩን አለዝበዋለሁ» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደብሬ «ቀልድ አልነበረም በሉት» ብላ ላከችበት። ከዚያ ሳጥኑን ከፍታ የሠርግ ቀሚሷን አወጣች፤ ለብሳው ለጥምቀት ወጣች፤ ታቦቱ ሲወርድ ከፊት ሆና እልል አለች። ማታ ቤት ስትመለስ ግን አልቅሳለች። ሲሳይን ትወደው ነበር፤ ይህን ለሰው ተናግራ አታውቅም፣ እኔና እሷ ግን አንድ ቁርበት ላይ ነበር የምንተኛው።

እኔም ተናድጄባት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ቃሉ የወደቀው በእሷ ላይ ብቻ አይደለም። እኔንም የሚያገባኝ ጠፋ፤ በኋላ ያገባሁት ባሌ የሩቅ አገር ሰው ስለነበር ወሬው ሳይደርሰው ነው። «ስለ እኔ አስበሽ ነበር?» አልኳት አንድ ቀን ባቄላ ስንለቅም።

«አላሰብኩም» አለችኝ። «ማንጠግቦሽ ስትጠይቀኝ የሚያስጠላ ነገር አፌ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ምኔም አይደለችም ብል መዋጤ ነው። ተፋሁት።»

ወርቄም አላመሰገነቻትም። ያን ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ መንገደኛው መሃል ተቀምጠው ስንቋን ሲካፈሉ፣ እንደ ልጇ ተቆጣቻት። «ምን ነክቶሽ ነው? እኔ መባረር ለምጃለሁ፤ ነገ እሄዳለሁ። አንቺ የትም አትሄጂም። ያንቺን ትዳር በምን ጀርባዬ ተሸክሜ ኮን እገባለሁ?» አለቻት። ደብሬ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠቻት። በማግስቱ ዓመት በገና ሰሞን ደጃችን «ቤቶች» ተባለ። «ማን ነሽ?» አልኩ እኔ። «የደብሬ አክስት ነኝ» አለች ከውጭ። አባቴ በኋላ በር ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጣች፤ በየዓመቱ ስሟን እንደዚያ ብላ ተናገረች፤ በየዓመቱ ደብሬ አጠበቻት። ምድጃው ዳር ግን ተመልሳ አልተቀመጠችም፤ ደጃፍ ላይ ታጥባ፣ ንፍሮዋን በልታ፣ ወደ ቅጥሩ ትሄዳለች። አንድ ዓመት ቀረች። ደብሬ ሙቅ ውሃውን እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ ደፋችው።

ጌታነህ ዋንጫውን ጨረሰ። እኔ ማንጠግቦሽን አስብ ነበር። ሞታለች፤ በብዙ ሰው ነው የተቀበረችው ይባላል። ለዘመናት የጠላኋት ክፉ ስለነበረች ብቻ አይደለም። ስትፈርድብን አንዴም አልተጠራጠረችም፤ ሲፈርድ የማይጠራጠር ሰው ደግሞ በእያንዳንዱ ደጅ አለ፤ ያኔ በነጠላ ነበር፣ ዛሬ በስልክ ነው። ንጹሕ እግር ፈልጎ የሚያጥበውና የታመመ እግር አይቶ የሚያባርረው ለእኔ አንድ ሰው ናቸው። ሁለቱም የሰውን እግር አይተው ስለ ራሳቸው ነው የሚያስቡት።

«እና ምን ልበላቸው፣ እትዬ?» አለ ጌታነህ።

ደብሬ ከጓዳ ወጣች። እጇ በጌሾ አረንጓዴ ሆኗል። «የሚያመጡት ልጅ እግሩ ንጹሕ ነው አልክ?» አለችው።

«በጣም ንጹሕ ነው፣ እትዬ ደብሬ።»

«ንጹሕ ከሆነ እኔን ምን ያደክመኛል? ቤቱ ይታጠብ።»

ጌታነህ ሳቀ፤ ስልኩንም ወደ ኪሱ ከተተ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እናቱ ዘንድ ዱቄት ሲያልቅ እኛ ዘንድ ተልኮ ነው ያደገው። ሊወጣ ሲነሳ ግን ዓይኑ አመለጠው። ከወላጆቹ የሰማውን፣ እነሱም ከወላጆቻቸው የሰሙትን ይዞ፣ ለአንድ አፍታ ወደ ደብሬ እግር ወረደ።

ደብሬም አየችው። የፕላስቲክ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች፣ እግሯን ከበሩ ወደሚገባው ፀሐይ ዘረጋችለት።

«በደንብ እይ» አለችው።